ድምፃቸውን ዝቅ ያደረግኩባቸው ሽማግሌ

ባለፈው ሳምንት ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር አንድ ወጣት ሙዚቀኛ ደወለልኝ። እሱና ጓደኞቹ ባንድ አላቸው። «ጋሼ፣ ኪቦርዲስታችን ደከመብን፤ ሳይቀየም እንዴት እናሰናብተው?» አለኝ። ሥራ ላይ ነኝ ብዬ ዘጋሁበት። ዋሽቼው ነው፤ ጡረታ ከወጣሁ ቆይቻለሁ።

ናሽቪል ውስጥ ዕድሜዬን የጨረስኩት በድምፅ ባለሙያነት ነው። ከአዲስ አበባ ስመጣ ስለ ካንትሪ ሙዚቃ የማውቀው የኬኒ ሮጀርስን ካሴት ብቻ ነበር። መጀመሪያ የሠራሁት ብሮድዌይ በሚባለው የናሽቪል መንገድ ላይ ካሉት መጠጥ ቤቶች በአንዱ ነው። እዚያ መግቢያ አይከፈልም። ባንዱ ለ4 ሰዓት ያህል ይጫወትና የተጠራቀመውን ቲፕ ይካፈላል። ከዚያ አንድ ባንድ ለቱር ወሰደኝ።

የቱር አውቶቡስ ውስጥ እንደ መደርደሪያ የተነባበረ 12 አልጋ አለ። እግርን ወደ ሹፌሩ አድርጎ ነው የሚተኛው፤ ድንገት ፍሬን ቢያዝ አንገት እንዳይሰበር። ይህን ያስተማሩኝ የፔዳል ስቲል ተጫዋቹ ሽማግሌ ናቸው። በእንግሊዝኛ አንቱ የለም፤ እኔ ግን በልቤ አንቱ ነበር የምላቸው። ፔዳል ስቲል በአግድሙ የተዘረጋ ጊታር ነው፤ ተቀምጠው ነው የሚጫወቱት። ክሩ ላይ ብረት እያንሸራተቱ፣ በእግርና በጉልበት እየገፉ ያስለቅሱታል። አንድ ሌሊት ነዳጅ ልንቀዳ ቆመን ትዝታን አንጎራጎርኩላቸው። ወዲያው ያዙት። እንደዚያ ያለ ትዝታ ሰምቼ አላውቅም።

በኋላ እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ቅኝት ይስታሉ። የባንዱ መሪ ጠራኝና «ለሕዝቡ ከሚወጣው ድምፅ አውጣቸው፤ ሞኒተራቸው ላይ ግን ተውላቸው» አለኝ። ሞኒተር ተጫዋቹ ራሱን የሚሰማበት፣ እግሩ ሥር ያለው ስፒከር ነው። የምንጫወተው በየካውንቲው የእርሻ አውደ ርዕይ፣ ሰፊ ሜዳ ላይ ነው፤ በትልቁ ስፒከር ያልወጣ ድምፅ ሕዝቡ ጋ አይደርስም። የሳቸውን ቻናል፣ ወደ ሕዝቡ የሚሄደውን የድምፅ መስመር፣ ዘጋሁት። እሳቸው ራሳቸውን ይሰማሉ፤ ሕዝቡ አይሰማቸውም። አንድ ሙሉ በጋ እንዲህ አደረግኩ።

ለደወለልኝ ልጅ ማለት የነበረብኝ ይህንን ነው፤ ፊት ለፊት ንገሩት። እናንተ ሰው በቴክስት ማሰናበት ለምዳችኋል። አላባማ የሚባለውን ባንድ እዩ። ሦስቱ ዘመዳሞች እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ ሚርትል ቢች ውስጥ አንድ መጠጥ ቤት በቲፕ እየተጫወቱ ቆይተው፣ ከትልቅ ኩባንያ ጋር የተፈራረሙት በ1980 ነው። ከሦስቱ አንዱ ጄፍ ኩክ ፓርኪንሰን የሚባለው የሚያንቀጠቅጥ በሽታ እንደያዘው እ.ኤ.አ. በ2017 በግልጽ ለሕዝብ ተናገሩ። በእርግጥ ለነሱ ይቀላል፤ ስማቸው ይሸጣል። እኛ ለናፍጣ እንኳ እንቸገር ነበር። መሪውም ሌላ ምርጫ አልነበረው ይሆናል፤ የሽማግሌው ስህተት እኮ እውነት ነበር። አንዳንዴ እሱ ልክ ነበር እላለሁ።

በበጋው መጨረሻ ሽማግሌው የልጅ ልጃቸው በስልኳ የቀረጸችውን ቪዲዮ አውቶቡስ ውስጥ ከፈቱት። ሶሏቸው ላይ ጣታቸው ይሮጣል፤ ድምፅ የለም። መልሰው አዩት። ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ። እኔ ኬብል እጠቀልላለሁ።

«ስልኳ ርካሽ ነው» አሉ፤ ስልካቸውንም ኪሳቸው አስገቡ።

በማግስቱ ከሁሉም ቀድመው መድረክ ላይ ወጥተው ይቃኙ ነበር። ያን ማታም ቻናላቸውን አልከፈትኩላቸውም።