3.24 ካላት ለምን አልመዘገቧትም?

ጥያቄ፦ ልጄ በአካውንቲንግ ተመርቃ ሥራ እየፈለገች ነው። አንድ መሥሪያ ቤት «የመመረቂያ ውጤቱ ከ3.00 በታች የሆነ አመልካች አይመዘገብም» የሚል ማስታወቂያ ለጠፈ። የእሷ 3.24 ነው። ማስረጃዋን ይዛ ብትሄድ ሳይመዘግቧት መለሷት። እሷ «ከ3.00 በላይ ያለው ይመዘገባል ብለው ዋሹኝ» ትላለች። እኔ ደግሞ ማስታወቂያው እንዲያ አይልም ባይ ነኝ። በዚህ የተነሣ ከተኳረፍን ሁለት ሳምንት ሆነን። ማናችን ነን ልክ? (እናት፣ ከደሴ)

መልስ፦ እህቴ፣ ልክ እርስዎ ነዎት። ልጅዎ የተሳሳተችበት ቦታ ግን ሒሳብ ባስተማርኩባቸው ዓመታት ሁሉ ጎበዝ ተማሪዎቼ ሲሳሳቱበት ያየሁት ነው፤ ስለዚህ አይፍረዱባት።

ማስታወቂያው የሚከለክለው ከ3.00 በታች ያለውን ነው። ከዚያ በላይ ላለው የገባው ቃል የለም። 3.00 ማምጣት እዚህ ላይ አስፈላጊ ሁኔታ ነው፦ እሱ ከሌለ ምዝገባ የለም። በቂ ሁኔታ ሌላ ነው፦ እሱ ካለ ነገሩም አለ። ልጅዎ የመጀመሪያውን አንብባ ሁለተኛውን ሰማች።

ክፍል ውስጥ ይህን የማስረዳው በዘመን አቆጣጠር ነበር። ሰሌዳው ላይ 1900 ብዬ በትልቁ እጽፍና «በፈረንጆቹ ይህ ዓመት ፌብሩዋሪ 29 ነበረው ወይ?» እላለሁ። ለ4 ስለሚካፈል «አዎ!» ይላሉ ባንድ ድምፅ። አልነበረውም። በእነሱ አቆጣጠር ለ4 መካፈል ግድ ነው፤ ለ4 የማይካፈል ዓመት ያችን ቀን አያገኝም። ግን ብቻውን አይበቃም፤ በሁለት ዜሮ የሚያልቅ ዓመት ለ400ም መካፈል አለበት። 2000 አገኘ፣ 1900 አጣ፣ 2100ም ያጣል። ለ400 መካፈል ደግሞ በተራው በቂ ነው እንጂ አስፈላጊ አይደለም፤ 2024 ለ400 ሳይካፈል 29ኛዋን ቀን አግኝቷል።

የእኛ ጳጉሜ ሌላ ናት። ዓመተ ምሕረቱ ለ4 ተካፍሎ 3 ከተረፈ 6 ቀን ትሆናለች፣ ካልተረፈ 5። 2015ን ቢያካፍሉት 503 ደርሶ 3 ይተርፋል፤ ዘመነ ሉቃስ ነበር፣ ጳጉሜም 6 ነበረች። ዘመነ ሉቃስ ከሆነ ጳጉሜ 6 ናት፤ ጳጉሜ 6 ከሆነችም ዘመኑ የሉቃስ ነው። አስፈላጊውም በቂውም አንድ ላይ ገጠመ። (ያ የ1900 መቅረት እኛንም ነክቶናል፤ በአዘቦቱ ዓመት ሴፕቴምበር 10 ይውል የነበረው እንቁጣጣሽ ወደ 11 የተሻገረው በእሱ ነው። 2100 ደግሞ ወደ 12 ይወስደዋል።)

ልጅዎ የጠበቀችው እንደ ጳጉሜ ያለ፣ በሁለቱም በኩል የሚያስር ማስታወቂያ ነው። የተለጠፈው ግን የፌብሩዋሪው ዓይነት ነበር። ከእሱ በእርግጥ የምናውቀው ነገር ቢኖር የተመዘገበ ሰው ሁሉ ውጤቱ 3.00 ወይም ከዚያ በላይ መሆኑን ነው። ተገልብጦ አይነበብም።

ታዲያ በዚህ ትቅር ማለቴ አይደለም። «ዋሻችሁ» ማለት ባትችልም «ያላሟላሁት ሌላ መስፈርት የትኛው ነው?» ብላ መጠየቅ ትችላለች፣ መጠየቅም አለባት። በቅድሚያ ማስታወቂያውን አብራችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡት፤ የተመረቁበት ዓመት፣ የዕድሜ ጣሪያ ወይም የሥራ ልምድ ከግርጌ ተጽፎ ሊሆን ይችላል። ምንም ከሌለ በማመልከቻ ትጠይቅ። እኔን የሚያንገበግበኝ ይኸው ነው። መስፈርቱን አንድ በአንድ ዘርዝረው «እነዚህን ያሟላ ሁሉ ይመዘገባል» ብለው ቢጽፉ ስንቱ ወጣት ከከንቱ ምልልስና ከትራንስፖርት ወጪ በዳነ ነበር።

ማኩረፉን ግን ዛሬውኑ ይተዉት። ቡና ያፍሉና ወረቀቱን ይዛ አጠገብዎ ትቀመጥ።