መልስ፦ ተራራው ከተቆረጠ በኋላ ሣር ከተዘራበት ጉዳቱ ምንድን ነው?

በአሜሪካ የአፓላቺያ ተራሮች ጫፋቸው ተቆርጦ የድንጋይ ከሰሉ ከወጣ በኋላ ኩባንያዎቹ ሣር የሚዘሩበት ከሆነ ጉዳቱ ምኑ ላይ ነው ብለው ጠይቀዋል። ሣሩ መዘራቱ እውነት ነው፤ ጉዳቱ ያለው ግን ከሣሩ ሥርና ከተራራው ግርጌ ነው።

በእነዚህ ተራሮች ባሉት በዌስት ቨርጂኒያና በምሥራቅ ኬንታኪ ደኑ ተመንጥሮ አለቱ በአሞኒየም ናይትሬትና በነዳጅ ድብልቅ ፈንጂ ከፈረሰ በኋላ፣ ትርፉ ድንጋይ ወደ ሸለቆው ስለሚገለበጥ ከሥሩ የነበሩት ምንጮች ተቀብረው ይቀራሉ። የአገሪቱ የአካባቢ ጥበቃ ተቋም በጥናቱ እንዳሰፈረው እ.ኤ.አ. ከ1985 እስከ 2001 ባሉት ዓመታት ብቻ 1,165 ኪሎ ሜትር ገደማ ጅረት በዚህ መልኩ ተቀብሯል። ዝናቡም በተፈረካከሰው ድንጋይ መካከል ሲወርድ ሰልፌትና ሴሊኒየም የተባሉ በድንጋዩ ውስጥ ያሉ ንጥረ ነገሮችን እያጠበ ወደ ወንዙ ያስገባል፤ ሴሊኒየም ሲበዛ ዓሦች የተጣመመ አከርካሪ ይዘው እንዲፈለፈሉ ያደርጋል።

እ.ኤ.አ. የ1977ቱ የአሜሪካ የከሰል ቁፋሮ ሕግ መሬቱ ወደ ቀድሞ ቅርጹ እንዲመለስ ቢያዝም፣ ለዚህ ዓይነቱ ቁፋሮ ልዩ ፈቃድ የሚሰጥበትን በር ስለተወ ጫፉ ጠፍጣፋ ሜዳ ሆኖ ይቀራል። በከባድ ማሽን በተጠቀጠቀ አፈር ላይ ደግሞ ሣር እንጂ የቀድሞው ደን በቀላሉ አይበቅልም።

የነዋሪው ነገር ከሁሉ ይብሳል፦ ፍንዳታው የቤት መሠረት ይሰነጥቃል፣ የጉድጓድ ውሃ ይደፈርሳል፣ አቧራው በረንዳ ላይ ይጋገራል። ሥራ ያመጣል የሚለው ክርክርም (ብዙ ጊዜ የሚነሣ ነው) ደካማ ነው፤ የሰውን ጉልበት የተኩት ፈንጂና ግዙፍ ማሽኖች ናቸውና።