በስልክ ጨርቅ አይዳሰስም

ልጆቼ፣ እንደምን ሰነበታችሁ?

የምኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው። ከ30 ዓመት በላይ ልብስ ሰፊ ነበርኩ። አሁን ያገለገለ ልብስ እያደስኩ በቴሌግራምና ጂጂ በሚባለው የኢንተርኔት ገበያ እሸጣለሁ። በሰፈራችን ይህንኑ ሥራ የያዙ ብዙ ወጣቶች አሉ። ማታ ማታ ብቅ ይሉና «ጋሼ፣ ዕቃው አሪፍ ነው፣ ሰውም ያየዋል፣ ግን የሚገዛ የለም» ይሉኛል። ስልካቸውን ተቀብዬ አያለሁ። ፎቶው ማታ በአምፖል የተነሳ ነው። ከሥሩ «ዋጋ ኢንቦክስ» ይላል። ሌላ ምንም የለም።

ገዢ ሱቅ ሲገባ የሚያደርገውን አስታውሱ። ጨርቁን በጣቱ ያሻል። ገበሩን ገልብጦ ያያል። ብብቱን ይፈትሻል። ትከሻው ላይ ይለካዋል። ስልክ ላይ አንዱንም ማድረግ አይችልም። ስለዚህ የእሱ እጅ የሚሠራውን እናንተ ሥሩለት። ልብሳችሁ የማይሸጠው በአብዛኛው ይህ ስለጎደለ ነው ብዬ አምናለሁ።

መጀመሪያ ሜትር ግዙ። «ላርጅ ነው» ማለት ምንም አይነግርም። የጣሊያን 42 ቁጥር የሴት ቀሚስ በእንግሊዝ 10፣ በአሜሪካ 6 ይባላል። ሲታጠብ የሚያጥርም አለ። ልብሱን ጠረጴዛ ላይ ዘርጉት። ከብብት እስከ ብብት፣ ትከሻውን፣ እጅጌውን፣ ቁመቱን ለኩ። ሱሪ ከሆነ ወገቡን፣ ዳሌውንና የውስጥ እግሩን። ሁሉንም በሴንቲ ጻፉት። ከዚያ ገዢውን «ቤት ያለህን የሚስማማህን ሸሚዝ ዘርግተህ ለካና አስተያይ» በሉት። እኔ ይህችን መስመር መጻፍ ከጀመርኩ ወዲህ «አልሆነኝም» ብሎ የሚመልስ ሰው በጣም ቀንሶልኛል።

የጨርቁንም ዓይነት ንገሩ። ዓይነቱን የሚናገረው የልብሱ የውስጥ ምልክት ከተቆረጠ ከውስጥ ጠርዙ አንድ ክር ምዘዙ። የስፌቱን ክር አይደለም፣ የጨርቁን። ከልብሱ ራቅ አድርጋችሁ አቃጥሉት። ጥጥ እንደ ወረቀት ነዶ አመድ ይሆናል። ሱፍ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል። ፖሊስተር ቀልጦ ጠንካራ ጠብታ ይሆናል። ፎቶውን ደግሞ ጠዋት በረንዳ ላይ፣ ፀሐይ በቀጥታ በማያርፍበት ቦታ አንሱ። ፊልተር አትጠቀሙ። ቀለሙ ተለውጦ የደረሰው ሰው ተመልሶ አይመጣም።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ። ጉድለቱን ራሳችሁ ቀድማችሁ ተናገሩ።

ወጣት ሰፊ ሳለሁ ኮት ማስገልበጥ የተለመደ ነበር። ውጪው ሲነጣ ይፈታና ውስጡ ወደ ውጭ ተደርጎ ይሰፋል። አዲስ ይመስላል። አንድ የተገለበጠ ኮት በእጄ ገባ። አጽድቼ፣ ተኩሼ ለአንድ ወጣት ሸጥኩለት። መገልበጡን አልነገርኩትም። አልጠየቀኝማ ብዬ። ልጁ የፈለገው ለእህቱ ሰርግ ነበር። ኮት ሲገለበጥ ግን የደረት ኪሱ ከግራ ወደ ቀኝ ይዞራል። ሰርጉ ላይ ነገሩን የሚያውቅ ሰው አየውና በዘመድ ፊት ነገረው። በማግስቱ ኮቱን አጣጥፎ ይዞልኝ መጣ። ገንዘቡን መለስኩለት። ግን በሬ ላይ እንዴት አንገቱን ደፍቶ እንደቆመ ዛሬም ይከነክነኛል። ጥሩ ኮት ነበር። ብነግረው ኖሮ አውቆ ይለብሰው ነበር።

ከዚያ ወዲህ የቀዳዳ፣ የነጠብጣብ፣ የላላ ዚፕ ፎቶ ለብቻው አነሳለሁ። ትልቅነቱ እንዲታወቅ አጠገቡ ሳንቲም አስቀምጣለሁ። ደንበኛ ጉድለቱን ካሳያችሁት የቀረውን ያምናችኋል። በራሴ ገበያ ያየሁት ነው።

ስለ ዕቃው ምንጭም አንድ ነገር ልለምናችሁ። ልባሽ ጨርቅ ከውጭ ማስገባት በሀገራችን የተከለከለ ነው። ያላችሁን ገንዘብ ሁሉ አንድ ቦንዳ ላይ አፍስሳችሁ ቢወረስ አቤት የምትሉበት የለም። አገር ውስጥ ያለው ይበቃል። አንድ ቀን ብቻ የተለበሰ የሚዜ ቀሚስ፣ የምርቃት ሱፍ፣ የሀበሻ ቀሚስ በየቁም ሳጥኑ ተሰቅሏል። ጎረቤት ጠይቁ። «ልዋጭ!» እያሉ በየብሎኩ ከሚዞሩት ጋርም ተዋወቁ። በሳህንና በባልዲ የለወጡትን መርጣችሁ ግዙ። የሚዜ ልብስ በጥርና ከፋሲካ በኋላ ስለሚፈለግ በኅዳርና በዐቢይ ጾም ለጥፉት። ሹራብና ካፖርት ክረምት ሳይገባ በግንቦት ይውጣ።

ዋጋችሁን በግልጽ ጻፉ። ገዢው «ኢንቦክስ» የሚለውን ሲያይ ዋጋው ፊቱ ታይቶ የሚተመንበት ይመስለዋል። «መጨረሻው ስንት ነው?» ማለቱ አይቀርምና ለክርክር ትንሽ ተዉለት። በቴሌብር ከፈልኩ ብሎ ስክሪንሾት ሲልክላችሁ ደግሞ ሞተረኛ ከመላካችሁ በፊት የራሳችሁን ሒሳብ ክፈቱ። ስክሪንሾት ይቀነባበራል። እኛ ዳር ላይ ስለምንኖር ለአንድ ሸሚዝ እስከ ቦሌ ሞተረኛ መላክ ትርፉን ይበላዋል። እኔ ረቡዕና ቅዳሜ የታዘዘውን ሁሉ ይዤ መገናኛ እወርዳለሁ። ገዢዎቼ እዚያ መጥተው በእጃቸው አይተው ይወስዳሉ።

አንድ ደብተርም ይኑራችሁ። ከእናንተ የገዛውን ሰው ልክ፣ የሚወደውን ቀለም፣ «ቢመጣ ንገረኝ» ያለውን ሁሉ ጻፉበት። ባለፈው ሰኔ አንድ ጥቁር የሱፍ ካፖርት አገኘሁ። ትከሻው 46 ሴንቲ ነው። ደብተሬን ገለጥኩ። ጠዋት ጠዋት በብርድ ወደ ትምህርት ቤት የሚወጣ አንድ መምህር ልኩ ይኸው ነው። ደወልኩለት። ገበሩ በአንድ በኩል መጠገኑን ነገርኩት። «ቅዳሜ መገናኛ እመጣለሁ፣ ለሌላ እንዳትሰጥብኝ» አለኝ። ካፖርቱ ቻናሉ ላይ ሳይወጣ ተሸጠ።