የትኛው ኢርፎን ጥሩ ድምፅ አለው? ከሐዋሳ ለመጡ ጥያቄዎች የተሰጠ መልስ

የዚህ ወር ጥያቄዎች የደረሱን ከሐዋሳ ነው። አራቱም በዝቅተኛ ዋጋ ስለሚገኙ፣ ጆሮ ውስጥ ስለሚገቡ ኢርፎኖች ይጠይቃሉ። ረዘም ያለ መልስ የሚሻውን አስቀድመናል።

ጥያቄ፦ ውድ አዘጋጆች፣ የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ከጓደኞቼ ኬዜድ ኢዲኤክስ ፕሮ፣ ሙንድሮፕ ቹ እና ሰቨን ኸርዝ ሳልኖትስ ዜሮ የሚባሉትን ተውሼ አዳመጥኩ። ዛሬ አንዱ ይበልጥብኛል፣ ነገ ደግሞ ሌላው። የማዘወትረው የድሮ ዘፈንና መዝሙር ነው። የትኛውን ልግዛ?

መልስ፦ ሐሳብዎ የሚዋልለው ጆሮዎ መለየት አቅቶት አይደለም። በሦስቱ መካከል እውነተኛ ልዩነት አለ፤ ግን የጎማው (ጆሮ ውስጥ የሚገባው ለስላሳ ጫፍ) አቀማመጥና የቮልዩሙ ከፍታ የሚያመጡት ልዩነት ከዚያ ይበልጣል። እነዚህ ሁለቱ ሳይስተካከሉ የሚሰጥ ፍርድ በየቀኑ ቢቀያየር አይደንቅም።

ከጎማው እንጀምር። በጎማውና በጆሮ ቆዳ መካከል የፀጉር ያህል ክፍተት ካለ ቤዙን የሚፈጥረው የአየር ግፊት በዚያው ሾልኮ ይወጣል፤ ቀጭኑ ድምፅ ግን ብዙም ሳይነካ ይቀራል። በዚህ ጊዜ የትኛውም ኢርፎን ከበሮ የሌለውና ጆሮ የሚወጋ ይመስላል። አብዛኛው ሰው ከፋብሪካ ተገጥሞ የመጣውን መካከለኛ ጎማ እንደያዘ ይቀራል፤ ትልቁና ትንሹ ካርቶን ውስጥ ያረጃሉ። ሲያስገቡ በሌላኛው እጅ ጆሮዎን ወደ ላይና ወደ ኋላ ሳብ ያድርጉት፤ ቀዳዳው ቀና ይላል። ኢርፎኑን ትንሽ እያሽከረከሩ ያስገቡና ጆሮዎን ይልቀቁ። ገመዱ በጆሮ ላይ ዞሮ ወደ ኋላ ይውረድ። አሁን ከበሮው የማያቋርጥ ዘፈን ከፍተው ሁለቱንም በጣትዎ በቀስታ ወደ ውስጥ ይጫኑ። ሲጫኑ ቤዙ ከጨመረ ጎማው አልዘጋም ማለት ነው፤ አንድ ቁጥር ከፍ ያለ ይግጠሙ። ካልጨመረ ልክ ነው። ግራና ቀኝ ጆሮ የተለያየ ቁጥር ቢፈልጉ አይግረምዎ፣ የተለመደ ነው። ሦስቱም የተውሶ ስለሆኑ የራስዎን አንድ ዓይነት ጎማ እየቀያየሩ ቢገጥሙ ለንጽሕናም ለፍርዱም ይበጃል።

ቀጥሎ ቮልዩሙ። አንዱ ኢርፎን ከሌላው በ1 ወይም በ2 ዲሲቤል (የድምፅ ከፍታ መለኪያ) ብቻ ከፍ ቢል ጆሮ «ይኸኛው ጮኸ» አይልም፤ «ይኸኛው ጥርት ይላል» ነው የሚለው። ስልኩ ላይ ያለውን መስመር አንድ ቦታ ቢያቆሙትም ሦስቱ እኩል አይጮሁም። ስለዚህ አንድ ሰው ብቻ የሚናገርበትን ነገር፣ ለምሳሌ የሬዲዮ ዜና ቅጂ፣ ከፍተው የአንባቢው ድምፅ በሦስቱም እኩል እስኪመስልዎ ያስተካክሉና ለእያንዳንዱ ቮልዩሙ ስንት ላይ እንደቆመ ይጻፉ። ሙዚቃውን የሚከፍቱት ከዚያ በኋላ ነው።

ስልኩም ድምፁን በራሱ እየቀየረ ጣልቃ እንዳይገባ። ሳምሰንግ ላይ ያለውን ዶልቢ አትሞስ፣ በአንዳንድ ኢንፊኒክስና ቴክኖ ስልኮች ላይ ያለውን ዲቲኤስ፣ ማንኛውንም የድምፅ ማስተካከያ (ኢኳላይዘር) ጭምር ያጥፉ። ፋይሉ አንድ ይሁን። ከቴሌግራም የተገኘና ደጋግሞ የተጨመቀ ዘፈን ላይ ጸናጽሉ የውኃ ድምፅ የመሰለ ነገር ይሆናል፤ ያን ጊዜ ጥፋቱ የኢርፎኑ አይደለም።

ይህ ሁሉ ከተስተካከለ ሦስቱ በግልጽ ይለያያሉ። ኢዲኤክስ ፕሮ ታችኛውንና ላይኛውን ድምፅ ከፍ አድርጎ መሐሉን ወደ ኋላ ይገፋል። ከበሮውና ቤዝ ጊታሩ ይመታል፣ ጸናጽሉ ያብረቀርቃል፣ ዘፋኙ ግን ከባንዱ ኋላ የቆመ ይመስላል። ቹና ዜሮ ሁለቱም በ2022 እ.ኤ.አ. የወጡ ናቸው፤ ሲወጡም በውጭ 20 ዶላር አካባቢ ነበር ዋጋቸው። ሁለቱም የሰውን ድምፅ ወደ ፊት ያመጣሉ፣ ቤዛቸው ልከኛ ነው። ቹ ከላይ በኩል ደመቅ ይላል፤ ዜሮ ይበልጥ ለስላሳና ንጹሕ ነው። የመጀመሪያው ቹ ገመዱ አይነቀልም፤ ገመዱ ሲበጠስ ኢርፎኑ አበቃ ማለት ነው። በ2023 እ.ኤ.አ. የወጣው ቹ 2 ግን ተነቃይ ገመድ አለው።

ልዩነቱን በራስዎ ሙዚቃ ይፈትሹት። በገናን ይክፈቱ፤ ከእያንዳንዱ ጅማት በታች ያለችው ቁራጭ ቆዳ የምታመጣው እዝዝታ አለ። በጥሩ ኢርፎን እዝዝታውና የጅማቱ ወፍራም ድምፅ ሁለት ሆነው ይሰማሉ፤ ቤዝ በበዛበት ግን አንድ ላይ ተጨፍልቀው ጉምጉምታ ይሆናሉ። ማሲንቆ ደግሞ የመሐሉ ፈተና ነው፤ ደጋኑ ጭራውን ሲፍቀው የሚወጣው ሻካራነት መሰማት አለበት፣ ማቁሰል ግን የለበትም። ከዚያ የሴት ዘፋኝ ድምፅ ላይ «ሰ»፣ «ሸ» እና «ፀ» የሚደጋገሙበትን ስንኝ ይምረጡ። ፊደሎቹ እንደ ፉጨት ከወጉ ከ5 እስከ 8 ሺህ ኸርዝ ያለው የቀጭን ድምፅ ክልል በዝቷል።

ለእርስዎ ምርጫው ዜሮ ነው። ከ1969 እስከ 1975 እ.ኤ.አ. አምሃ ሪከርድስ የተባለው የሙዚቃ አሳታሚ ያወጣቸው ሸክላዎችና ከዚያ በኋላ የመጡት የካሴት ቅጂዎች ሀብታቸው መሐሉ ላይ ነው፤ ሳክስፎኑም ትራምፔቱም ዘፋኙም እዚያ ናቸው። ከላይ ያለው ብዙ ጊዜ የካሴት ሹክሹክታ ነው። ላይኛውን የሚያጎላ ኢርፎን ሹክሹክታውን አጉልቶ ዘፋኙን ያርቅብዎታል። ኢዲኤክስ ፕሮን ግን አንናቀው። ባጃጅና አውቶቡስ ውስጥ የሞተሩ ጉርምርምታ ቤዝን ይውጣል፤ እዚያ ላይ የእሱ ትርፍ ቤዝ ይጠቅማል፣ ዋጋውም ከሦስቱ ዝቅተኛው ነው። አንድ ማሳሰቢያ፦ የዜሮና የኢዲኤክስ ፕሮ ገመዶች ሁለት ሁለት ፒን ቢኖራቸውም አንድ አይደሉም። የዜሮው ፒን 0.78 ሚሊሜትር፣ የኬዜዱ 0.75 ሲሆን የኬዜዱ ሶኬት ወጣ ያለ ክፈፍ አለው። ትርፍ ገመድ ሲገዙ የኢርፎኑን ስም ይጥሩ።

ጥያቄ፦ ጠዋት ጠዋት በሐይቁ ዳር እየሮጥኩ አዳምጣለሁ። የግራው ጆሮ ድምፅ ቀስ በቀስ ቀንሶ አሁን ግማሽ ሆኗል። ተበላሽቷል ብዬ ልጣለው?

መልስ፦ አይጣሉት። ቀስ በቀስ የሚቀንስ ድምፅ አብዛኛውን ጊዜ የኩክ ሥራ ነው። ላብና የጆሮ ሙቀት ኩክን ያለሰልሱታል፤ ኩኩ ጫፉ ላይ ያለውን ወንፊት ይደፍናል። በድንገት የሚቆራረጥ ወይም ገመዱ ሲነካ የሚመጣና የሚሄድ ቢሆን ኖሮ ገመዱን እንጠረጥር ነበር።

መጀመሪያ ኢርፎኑን ገልብጠው የግራውን ቀኝ ጆሮ ላይ፣ የቀኙን ግራ ላይ ያድርጉ። ድካሙ አሁንም በግራ ጆሮዎ ከሆነ ችግሩ ኢርፎኑ ላይ አይደለም፤ ጆሮዎን ሐኪም ይይልዎ። ድካሙ ከኢርፎኑ ጋር ወደ ቀኝ ከሄደና ገመዱ ተነቃይ ከሆነ፣ የገመዱን ግራና ቀኝ ጫፍ አቀያይረው ይሰኩ። የደከመው ኢርፎን አሁንም ያው ከሆነ ገመዱ ነጻ ነው። የስልኩን ቅንብርም ይመልከቱ፤ በተደራሽነት ገጹ ላይ የግራና ቀኝ ማመጣጠኛ መስመር አለ፣ ሳይታወቅ ወደ አንድ ጎን ይሸሻል።

ሲያጸዱ ጎማውን ያውጡ፣ ጫፉን ወደ መሬት ያዘቅዝቁ፣ በደረቅ የጥርስ ብሩሽ ከታች ወደ ላይ ቀስ ብለው ይጥረጉ። ቀና አድርጎ መጥረግ ቆሻሻውን ወደ ውስጥ ያወርደዋል። የቀረውን አልኮል በነካ ሶፍት ዳበስ ያድርጉት፤ አልኮል በቀጥታ አያንጠባጥቡ። በመርፌ አይንኩት፤ ወንፊቱ ከተበሳ ኩኩ ድምፅ የሚያወጣው ስስ ሽፋን ላይ ያርፋል፣ ያን ጊዜ ጥገና የለውም። ጎማውን ግን በሳሙና ውኃ ማጠብ ይቻላል፤ በደንብ ደርቆ ይመለስ። በኢርፎኑ ገላ ላይ ያለችው ትንሿ የአየር ቀዳዳ በላብና በአቧራ ከተደፈነችም ቤዙ ይዛባል። ከሩጫ በኋላ በጨርቅ ጠርገው፣ በአዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ ከሚመጣው እርጥበት መጣጭ ከረጢት ጋር ያስቀምጡት።

ጥያቄ፦ መናኸሪያ አካባቢ አዲስ ኢርፎን ገዛሁ። ስሰካው ሙዚቃው አለ፣ ዘፋኙ ግን ጠፍቷል ወይም ከጉድጓድ ውስጥ የሚዘፍን ይመስላል። የማይኩን ቁልፍ ተጭኜ ስይዝ ይስተካከላል። ፎርጅድ ነው?

መልስ፦ ላይሆን ይችላል። ጃኩ ላይ አራት ክፍሎች አሉ፤ ግራ፣ ቀኝ፣ የጋራ መመለሻ መስመርና ማይክ። የመመለሻው መስመር ካልነካ ጆሮዎ የሚደርሰው የግራና የቀኝ ልዩነት ብቻ ነው። ዘፋኙ፣ ቤዙና ዋናው ከበሮ በሁለቱም በኩል እኩል ስለሚቀረጹ ልዩነቱ ውስጥ አይገኙም፣ ይጠፋሉ።

ምክንያቱ ከሦስት አንዱ ነው። ወፍራም ከቨር ጃኩን እስከ መጨረሻው አላስገባው ይሆናል፤ ከቨሩን አውልቀው ይሞክሩ። ወይም የስልኩ ቀዳዳ የኪስ ብናኝ ይዟል፤ ስልኩን አጥፍተው በደረቅ ስቴኪኒ ቀስ አድርገው ያውጡት። ሁለቱም ካልሆነ ኢርፎኑ የመመለሻና የማይክ ቦታቸው በተለዋወጠበት አሮጌ አሠራር የተሠራ ነው። ቁልፉን ሲጫኑ ሁለቱ መስመሮች ስለሚገናኙ ነው የሚስተካከለው፤ የእርስዎም ምልክት ወደዚህ ያደላል። ሌላ ስልክ ላይ ሰክተው ያው ከሆነ መልሰው ይቀይሩት። ወደፊትም ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት በራስዎ ስልክ ዘፈን ከፍተው ይሞክሩ።

በዚሁ አጋጣሚ፣ ጃክ የሌለው ስልክ ያላችሁ ታይፕ ሲ መቀየሪያ ስትገዙ ውስጡ የድምፅ ቺፕ ያለውን ጠይቁ። ከ2019 እ.ኤ.አ. ከኖት 10 ጀምሮ ያሉት ጃክ አልባ የሳምሰንግ ጋላክሲ ስልኮች ቺፕ በሌለው መቀየሪያ ምንም ድምፅ አይሰጡም። የአፕሉ መቀየሪያ ቺፕ አለው፤ በብዙ አንድሮይድ ስልኮች ላይ ግን ድምፁ ዝቅ ይላል።

ጥያቄ፦ ለ12ኛ ክፍል ልጄ በአንድ ዋጋ ባለገመድ ወይም ብሉቱዝ ልገዛላት ነው። ብዙ ሰዓት ትምህርት ታዳምጥበታለች። የቱ ይሻላል? ጆሮዋንስ አይጎዳም?

መልስ፦ ባለገመዱን ይግዙላት። በብሉቱዙ ዋጋ ውስጥ ባትሪ፣ ቺፕና ቻርጅ ማድረጊያ ሣጥን አሉ፤ ለድምፁ የሚተርፈው ትንሽ ነው። የርካሾቹ ባትሪ ሲደክምም የሚቀይረው ባለሙያ አይገኝም። ለትምህርት ማይክ ያለበትን ገመድ ይምረጡ።

ጉዳቱን የሚወስነው ከፍታውና ሰዓቱ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው በ80 ዲሲቤል በሳምንት እስከ 40 ሰዓት ነው፤ 90 ከደረሰ ግን 4 ሰዓት ብቻ። ንግግር ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ ከ80 በታች ቢሆንም ይሰማል። ችግር የሚመጣው ከውጭ ጫጫታ ጋር ስትፎካከር ነው፤ ስለዚህ እዚህም ላይ በልኳ የሆነ ጎማ ያስፈልጋታል፣ ጫጫታውን ስለሚዘጋ ቮልዩሙን መጨመር አያሻትም። መንገድ ስትሻገር ግን ታውልቀው፤ ያው ጎማ የባጃጅ ጡሩምባንም ይዘጋል። ብዙ ሳምሰንግ ስልኮች በቮልዩም ቅንብራቸው ውስጥ የሚዲያ ድምፅ ገደብ አላቸው፤ እዚያ ላይ ጣሪያውን አስቀምጠው በሚስጥር ቁጥር ሊቆልፉት ይችላሉ።