ፓወርቦል ቢደርስሽ ስንቱ እጅሽ ይገባል?

እህቴ፣ የጠየቅሽው ሦስት ነገር ነው። ቨርጂኒያ ሆነሽ በግሪን ካርድ ፓወርቦል የሚባለው የአሜሪካ ሎተሪ ቢደርስሽ ይከፍሉሽ እንደሆነ፣ ታክሱ ስንት እንደሆነ፣ ለንደን ያለው ወንድምሽ እዚያ ቢቆርጥልሽ ይሻል እንደሆነ። እኔ ሰሜን ቨርጂኒያ ሎተሪ የሚሸጥ ሱቅ ውስጥ ካሸር ነኝ። ይሄ ጥያቄ ባንኮኒያችን ላይ ብርቅ አይደለም።

ይከፍሉሻል። ዜግነትሽን የሚጠይቅ የለም፣ 18 ዓመት መሙላትሽ ይበቃል። ለጉብኝት የመጣ ሰውም ይከፈለዋል፤ ከእሱ ግን ፌዴራሉ 30 ፐርሰንት ይይዛል።

አገር ቤት ብሔራዊ ሎተሪን ስለለመድን እዚህም አንድ መሥሪያ ቤት የሚያዝዘው ይመስለናል። እንደዚያ አይደለም። እያንዳንዱ ስቴት የራሱን ሎተሪ ያቋቁማል፣ ደንቡንም ራሱ ያወጣል። ፓወርቦልን በጋራ ነው የሚሸጡት። ዩታ፣ አላባማ፣ ሃዋይ፣ አላስካና ኔቫዳ ጭራሽ የላቸውም። ኔቫዳ ላስ ቬጋስን ይዛ ሎተሪ መከልከሏ ሁሌ ያስቀኛል። እና ዋናው ነገር ቲኬቱን የት እንደቆረጥሽ ነው። ቨርጂኒያ ትልቅ ዕጣ የደረሰው ሰው ካልፈቀደ ስሙን አታወጣም። ካሊፎርኒያ ግን የአሸናፊውን ስም ይፋ ታደርጋለች፤ በሎተሪው ላይ ደግሞ የስቴት ታክስ አትጥልም። ድልድዩን ተሻግረሽ ሜሪላንድ ከቆረጥሽ ቀድማ የምትይዝብሽ ሜሪላንድ ናት።

አሁን ወደ ገንዘቡ። የማስታወቂያው ቦርድ ላይ የምታዪው የዕጣው መጠን በ29 ዓመት ውስጥ በ30 ክፍያ ለሚቀበል ሰው ነው። በአንዴ ልውሰድ ካልሽ በጣም ይቀንሳል። በ2022 ካሊፎርኒያ ላይ የወጣው 2.04 ቢሊዮን ዶላር፣ በአንዴ ሲወሰድ 997.6 ሚሊዮን ነበር። ታክሱ ገና ሳይነካው ማለት ነው። ከ5,000 ዶላር በላይ ከሆነ ፌዴራሉ ወዲያው 24 ፐርሰንት ይይዛል፣ ቨርጂኒያ 4። ሰው እዚህ ላይ ያለቀ ይመስለዋል። ጃክፖት፣ ማለትም ትልቁ ዕጣ ከሆነ ግን የፌዴራሉ ጣሪያ 37 ፐርሰንት ስለሆነ ቀሪውን ታክስ ስታሠሪ ትከፍያለሽ። ስለዚህ ቼኩ እንደገባ ቤት አትግዢ፣ መጀመሪያ ሒሳብ አዋቂ ጋ ሂጂ።

የለንደኑ ነገር በወሬ ደረጃ ያጓጓል። እንግሊዝ ውስጥ የሎተሪ ዕጣ ታክስ የለበትም፣ ስምሽንም ካልፈለግሽ አያወጡም። እዚያ ሎተሪውን የሚያካሂደው ፈቃድ ያለው ኩባንያ ነው፤ ከ2024 ጀምሮ ኦልዊን ይባላል፣ ተቆጣጣሪው የቁማር ኮሚሽን ነው። አንቺ ግን ግሪን ካርድ ይዘሻል። የትም አገር ያገኘሽውን ገቢ ለአሜሪካ ታስታውቂያለሽ። ቲኬቱ በአንቺ ገንዘብ ለአንቺ ከተቆረጠ ታክሱ አይቀርልሽም።

ከባንኮኒው ጀርባ የማየውን ልጨምር። ሰው ጃክፖቱን ብቻ እያየ ቲኬቱን ይጥላል። ፓወርቦል የምትባለዋ ቀይ ኳስ ቁጥር ብቻዋን ብትገጥም እንኳ 4 ዶላር አላት። ሳትጥዪ ማሽኑ ላይ አስነብቢው። እስከ 600 ዶላር ሱቁ ይከፍልሻል፣ ከዚያ በላይ የሎተሪ ቢሮ ትሄጃለሽ። ቨርጂኒያ ውስጥ ገንዘቡን የምትጠይቂበት ጊዜ 180 ቀን ነው። ቲኬቱን እንደቆረጥሽ ጀርባው ላይ ፈርሚ፤ ያልተፈረመ ቲኬት በእጁ የያዘው ሰው ንብረት ነው።

ከሥራ ባልደረቦችሽ ጋር አዋጥታችሁ የምትቆርጡ ከሆነ ደግሞ ከዕጣው በፊት የአዋጪዎቹን ስም ጻፉና ከቲኬቱ ፎቶ ጋር ለሁሉም ላኩት። እንደ ዕቁብ በመተማመን ብቻ አይሆንም። ከደረሳችሁ ፎርም 5754 የሚባል አለ፣ የእያንዳንዳችሁን ድርሻ በየስማችሁ ያስቀምጣል። እሱን ካልሞላችሁ የሁላችሁም ታክስ ቲኬቱን ባስገባው ሰው ስም ይመዘገባል።