ሥራ ላይ ሆኖ መማር፦ የሂሳብ ባለሙያዎች ጥያቄና መልስ

ሰላም ለሁላችሁ። በሂሳብና ኦዲት ሥራ 14 ዓመት ቆይቻለሁ፤ ግማሹን እየሠራሁም እየተማርኩም ነው ያሳለፍኩት። የላካችሁልኝን ጥያቄዎች ላንሳ።

ጥያቄ፦ በአካውንቲንግ ከተመረቅኩ 6 ዓመቴ ነው። ማስተርስ ይሻለኛል ወይስ ኤሲሲኤ (የእንግሊዙ የሂሳብ ባለሙያዎች ማኅበር የሚሰጠው የሙያ ማረጋገጫ)?

መልስ፦ ማስተማር ካሰብክ ማስተርስ። ሐሳብህ ኦዲት ወይም የፋይናንስ ኃላፊነት ከሆነ ግን ኤሲሲኤ ይሻልሃል ባይ ነኝ። አሁን ባለው አሠራር 13 ፈተና አለው፤ ማለፊያው ከመቶ 50 ነው፤ የ3 ዓመት የሥራ ልምድም ይጠይቃል። ዲግሪ ስላለህ ከመጀመሪያዎቹ ፈተናዎች የተወሰኑት ሊቀነሱልህ ይችላሉ፤ ገንዘብ ከመክፈልህ በፊት ትራንስክሪፕትህን ልከህ ጠይቅ። ክፍያው በፓውንድ ስለሆነ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ከብዷል። አንድ አንድ ፈተና እያልክ ብትሄድ ኪስህም አይጎዳም።

ጥያቄ፦ የሂሳብ መመዝገቢያ ፕሮግራሙን ፒችትሪን አሳምሬ እችላለሁ። ሌላ መማር ሥራዬ ላይ ምን ይጨምርልኛል?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። ፒችትሪ መመዝገቢያ ነው፤ የአመዘጋገቡ ደንብ ግን ተቀይሯል። አዋጅ 847/2006 ከወጣ በኋላ የሂሳብ ሪፖርት በአይኤፍአርኤስ፣ ማለትም በዓለም አቀፉ የሂሳብ ሪፖርት ደረጃ፣ እንዲሠራ ተወስኗል። የቢሮ ኪራይን ውሰድ። ድሮ የዓመቱን ኪራይ ወጪ ብለን መዝግበን እናልፍ ነበር። ስለ ኪራይ የሚደነግገው አይኤፍአርኤስ 16 ግን የ5 ዓመት ውል ከተፈረመ ቤቱን የመጠቀም መብቱ እንደ ንብረት፣ ያልተከፈለው ኪራይ ደግሞ እንደ ዕዳ ይያዝ ይላል። እኔ ይህን ማታ ማታ እያጠናሁ ሳለ የኪራይ ውሎች የታጨቁበት ወፍራም ፋይል ጠረጴዛዬ ላይ መጣ። የሚነካው ሰው አልነበረም። ውሎቹን አንድ በአንድ ገልጬ፣ ዘመኑንና ክፍያውን ኤክሰል ላይ አስፍሬ ስሌቱን ሠራሁት። ከዚያ ወዲህ የኪራይ ጉዳይ ሲነሳ አለቃዬ የሚጠራው እኔን ሆነ። እድገቱ የመጣው ከዓመት በኋላ ነው። የትምህርቱ ሰርተፊኬት መሳቢያ ውስጥ ነበር፤ ያሳደገኝ ያ ፋይል ነው።

ጥያቄ፦ ሁለት ልጆች አሉኝ፤ ቤት የምገባው ማታ 1 ሰዓት ነው። መቼ ላጥና?

መልስ፦ እህቴ፣ ማታ ደክሞሽ ከደብተር ጋር አትታገይ። ልጆቹ ሳይነሱ ከሌሊቱ 11 እስከ 12 ሰዓት አጥኚ። የሚያስቸግርሽን በትንንሽ ወረቀት ጽፈሽ ታክሲ ሰልፍ ላይ አንብቢው። ፈተና ሲቃረብ ቅዳሜ ልጆቹን የሚይዝልሽን ሰው ከአሁኑ አነጋግሪ።

ጥያቄ፦ ቨርጂኒያ ነኝ። ከአገር ቤት የሂሳብ ዲግሪ አለኝ፤ የምሠራው ግን ፓርኪንግ ነው። ሲፒኤ (የአሜሪካ የሂሳብ ባለሙያ ፈቃድ) ራቀብኝ።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ዲግሪህን አስገምግም፤ እስከዚያው በኢንሮልድ ኤጀንት፣ ማለትም በአሜሪካ የታክስ ባለሙያ ፈቃድ፣ ጀምር። ዲግሪ አይጠይቅም። 3 ክፍል ያለው የታክስ ፈተና ነው፤ ፈቃዱን የሚሰጠው የአሜሪካ ግብር ሰብሳቢ መሥሪያ ቤት አይአርኤስ ራሱ ነው። ካገኘኸው በኋላም ለማሳደስ በየ3 ዓመቱ 72 ሰዓት ትምህርት ይጠበቅብሃል።

ጥያቄ፦ 47 ዓመቴ ነው። አልረፈደብኝም?

መልስ፦ ኧረ በፍጹም! ለጡረታ ገና 13 ዓመት አለዎት። በኤክሰል ይጀምሩ። በዚህ ወር ፒቮት ቴብልን (ረጅም ዝርዝርን በየዓይነቱ አጠቃሎ የሚያሳየውን የኤክሰል መሣሪያ) ብቻ ይያዙ፤ የራስዎን መሥሪያ ቤት የወጪ ዝርዝር ይዘው ይሞክሩት። የተቸገሩበትን ይጻፉልኝ፤ አብረን እናየዋለን።