መልስ፦ የግሪን ቤይ ፓከርስ ባለቤት ማነው?

ወንድሜ፣ «መቶ ሺህ ያህል ሰው የሚኖርባት የአሜሪካ ከተማ ግሪን ቤይ እንዴት የኤንኤፍኤል (የአሜሪካ ፉትቦል ትልቁ ሊግ) ቡድን ኖራት? ባለሀብቱስ ማነው?» ላልከው፣ ባለሀብት የለውም። ቡድኑ የሕዝብ ነው።

እንደ ፈረንጆቹ በ1919 ከቡድኑ መሥራቾች አንዱ የሆነው ከርሊ ላምቦ ይሠራበት የነበረው የሥጋ ማሸጊያ ኩባንያ ለማልያ መግዣ 500 ዶላር ሰጠው። «ፓከርስ»፣ ማለትም አሻጊዎች፣ የተባሉት በዚያ ነው። ኩባንያው ብዙም ሳይቆይ ጠፋ፤ ስሙ ግን ይኸው እስከ ዛሬ አለ። በ1923 ገንዘብ ሲያጥር ለከተማው ሰው አክሲዮን ተሸጠ። አሁን ባለአክሲዮኖቹ ከ500 ሺህ በላይ ናቸው። ትርፍ አይከፈላቸውም፣ አትርፈውም መሸጥ አይችሉም፤ ግን ወረቀቱን ፍሬም አስገብተው ሳሎን ይሰቅሉታል።

13 ጊዜ ሻምፒዮን ሆነዋል፤ በሊጉ የሚስተካከላቸው የለም። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሱፐር ቦውሎች፣ ማለትም የዓመቱን የፍጻሜ ጨዋታዎች፣ በቪንስ ሎምባርዲ አሠልጣኝነት ወስደዋል።

እኔን ግን ከዋንጫው ይልቅ ልቤን የሚነካኝ የበጋው ልምምዳቸው ነው። ተጫዋቾቹ ወደ ልምምድ ሜዳ የሚሄዱት የልጆችን ብስክሌት ተውሰው ነው። ያ ግዙፍ ሰውዬ ጉልበቱ አገጩ ሊደርስ ምንም ሳይቀረው ትንሿን ብስክሌት ይነዳል፤ ባለብስክሌቱ ልጅ ደግሞ የራስ ቁሩን ታቅፎለት ከጎኑ ይሮጣል።